የፊተኛዋ ሚስት ለቅሶ

ባሌ በሞተ ዕለት ለቀስተኛው ከአጠገቤ እየተነሣ ወደ ሌላ ሴት ሄደ። ከዚያ ቀን ብዙው ነገር እንደ ጭጋግ ሆኖብኛል፤ ሬሳው ሲወጣ፣ ካህናቱ ሲያዜሙ፣ አፈሩ ሲመለስ የሰማሁትን እንኳ በደንብ አላስታውስም። ያቺ ሴት በገብሱ ማሳ ጫፍ ብቅ ስትል ግን ዛሬም እንደ ትናንት ትታየኛለች።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ፤ የተዳርኩት ግን ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ብዙም ከማይርቅ ደጋ ላይ ነበር። ሽማግሌዎች አባቴ ዘንድ ሲመጡ፣ «ልጁ ፊት አግብቶ ፈትቷል፤ ልጅ የለውም» ብለው ነገሩት። አባቴም «የፈታስ አይከፋም፣ የሚፈታ ነው የሚከፋ» አለና ተሣሣቁ። እኔም ከዚያ ወዲያ ስለ ፊተኛዋ ሚስት አልጠየቅሁም። ያልጠየቅሁት ስላልቀናሁ አይደለም፤ ባልጠይቅ የሌለች ይመስለኝ ነበር።

ባሌ ዝምተኛ ሰው ነበር። በበሬዎቹ ሲያርስ እንኳ እንደ ሌላው ገበሬ አይጮኽባቸውም፣ አያንጎራጉርላቸውም። ጎረቤቶቻችን በአውድማ ላይ እየዘፈኑ ሲወቁ እሱ መንሹን ይዞ ሥራውን ይሠራል። ዝምታው ተፈጥሮው መስሎኝ ወደድኩለት። አንዲት ልጅ ወለድን። እናቱ ቆብ የደፉ መነኩሲት ናቸው፤ ከእኛው ግቢ በአንዲት ትንሽ ጎጆ ይኖሩ ነበር። እኔም እንደ አገሬው እማሆይ እላቸዋለሁ።

ጥቅምት ላይ በርበሬና ጥጥ ሊያመጣ ወደ ቆላ ወረደ። ሲመለስ ንዳድ ይዞት መጣ። ጠበል ወሰድነው፣ ፌጦ አጠጣነው፤ አልሆነም። ገብሱ ታጭዶ ሳያልቅ ሞተ።

ሴትዮዋ የመጣችው ከቀብር መልስ ለቅሶው ከቤታችን ደጅ በደመቀበት ሰዓት ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ፀጉሯን ተላጭታለች። ከገደሉ ማዶ፣ ከስማዳ በኩል ካለው ከአባቷ አገር ሌሊቱን ስትጓዝ እንዳደረች በኋላ ሰማሁ። ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀላት። እኔ ማን እንደሆነች ሳልጠይቅ አወቅኋት። እማሆይ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ለእኔ ያልተነሡትን፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ልጄ፣ ልጄ» እያሉ አንገቷ ላይ ወደቁ።

ከዚያ ወደ መካከል ገባችና ደረቷን እየመታች ሙሾ ማውረድ ጀመረች። ድምፅዋ ጎርናና ነው፤ አይጮኽም፤ ግን ዳር ያለው ሁሉ ይሰማዋል።

«ድጓህን አጠፍከው፣ ዜማህን ሳትጨርስ፤
ለእኔ ብለህ ወጥተህ፣ ላፈሩ ልትደርስ።»

ሰዉ ተንሰቀሰቀ። ወንዶቹ ሳይቀሩ በጋቢያቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። እኔ ግን ልቅሶዬን አቆምኩ። የምን ድጓ? የምን ዜማ? አንድም ቀን ሲያዜም ሰምቼው የማላውቅ ሰው፣ በበዓል ቀን ከቅኔ ማህሌት ሳይሆን ከሰው ኋላ ግንብ ተደግፎ የሚያስቀድስ ሰው፣ ከመቼ ወዲህ ነው ድጓ ያጠፈው? ዙሪያዬን አየሁ። የገረመው ሰው አልነበረም። ሁሉም ያውቃሉ። ከእኔ በቀር ያላወቀ የለም።

ከአጠገቤ የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ ተነሥተው እሷን ይዘው አስቀመጧት፤ ውኃ አቀረቡላት፤ እንዳትጎዳ እጇን ያዙ። እኔን «ደንዝዛለች፣ ተዉአት» አሉኝ። አልደነዘዝኩም ነበር። እንደዚያን ቀን ሁሉን አጥርቼ ያየሁበት ጊዜ የለም። ምን ያህል መሐረብ እንዳቀበሏት፣ ማን ማን እንደሳማት፣ እማሆይ ጭንቅላታቸውን የትኛው ትከሻዋ ላይ እንዳሳረፉ አንድም አላመለጠኝም። እንባዬ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ደረቀ።

እስከ ሰልስቱ ድረስ ከእማሆይ ጎጆ አደረች። ሰው ሲመጣ ትነሣለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች፣ እንስራውን ትሞላለች። የቤቴን ዕቃ ቦታ ሳትጠይቅ ታገኘዋለች። ደጃፉን ዞራ ከጓሮ ያለችውን የድንጋይ መቀመጫ አውቃት ተቀመጠችባት። የባሌ በርኖስ ከግድግዳው ተሰቅሎ ነበር። እሷ ስታየው ያየኋት ጊዜ አውርጄ አጣጠፍኩና ከሣጥኑ ሥር ከተትኩት። በሰልስቱ ፍታት ካበቃ በኋላ እማሆይን ሳመች፤ ልጄን ግንባሯን ዳበሰቻት፤ እኔን «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብላ ሄደች።

እንደሄደች ወደ እማሆይ ገባሁ።

«በሙሾዋ ድጓህን ያለችው ምንድን ነው እማሆይ?» አልኳቸው።

መቁጠሪያቸውን አገላበጡ። ቆይተው፣ «ቤተ ልሔም ካለው የድጓ ትምህርት ቤት ተምሯል» አሉኝ። «ከልጅነቱ ጀምሮ ዓመታት ተቀምጧል። አኮፋዳ ይዞ ቁራሽ እየለመነ ነው የተማረ። ሊያስመሰክር ጥቂት ሲቀረው ለበዓል እኛ ዘንድ ሲመጣ አያትና አልመለስም አለ። ያገባት እንዲያ ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝም፤ እሱም እንዲነገር አይፈልግም ነበር።»

«ለምን?»

«እሷን ጠይቂያት» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ይህ ነው የባሰብኝ። አንድ ሰው ለእኔ ብሎ የተወው ነገር የለም። እኔን ሽማግሌ ልኮ ነው ያገባኝ፤ እንደ ሰው ልማድ፣ ቤት ያለ ሴት አይሆንም ተብሎ። ለእሷ ግን ዓመታት የለመነበትን ትምህርት ጥሏል። በአልጋዬ ላይ ብቻዬን ስተኛ የሞተውን ባሌን ሳይሆን ያንን ወጣት ነበር የማስበው፤ ድምፅ ያለውን፣ እኔ ያላየሁትን። ለማላውቀው ሰው እንዴት ይለቀሳል? እሷ የምታለቅስለትን ሰው እኔ አልቀበርኩም ነበር።

ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። «አባ፣ ይህች ሴት በተዝካሩ እንዳትመጣ ይከልክሉልኝ» አልኳቸው። «የፈታች ሴት ከሚስት እኩል ማልቀስ በሥርዓቱ አለ?»

ቄሱ በአገራችን ስንት የመሬት ክርክር የዳኙ ሰው ናቸው። ጥምጥማቸውን አስተካከሉና፣ «ልጄ፣ ለቅሶ ርስት አይደለም» አሉኝ። «ድንበር አይለካለትም። ሰው ሐዘኑን ይዞ ሲመጣ በየት በኩል መጣህ አይባልም።»

«ታዲያ የእኔ የቱ ነው?»

«ያንቺ እቤትሽ ነው። ሂጂና አልቅሺ።»

ሄድኩ፤ ግን አላለቀስኩም።

ተዝካሩ ሲቃረብ ጌሾና በርበሬ ያስፈልግ ስለነበር አርብ ቀን ገበያ ወረድኩ። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ገበያ ባታዘወትር ጥሩ ነበር፤ የምልከው ሰው ግን አልነበረኝም። ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ አሉ፤ ባሌ ጥጥ ከቆላ ሲያመጣ ለእሳቸው ነበር የሚሸጠው። ማዘቅዘቄን አይተው ማን እንደሞተብኝ ጠየቁኝና ስሙን ነገርኳቸው።

«አላህ ያጥናሽ» አሉ። «ደግ ሰው ነበር። ሚስቱም ቅድም እዚህ ነበረች። ከስታለች።»

«ሚስቱ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሽማግሌው ደነገጡ። የያዙትን ጨርቅ ሦስት አራት ጊዜ አጣጠፉት። «ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ። «የጥንቷን ማለቴ ነው። እኔ ራሴ የጥንት ሰው ሆንኩና የሚታየኝ የጥንቱ ነው።»

ጌሾዬንም በርበሬዬንም ትቼ ፍለጋ ወጣሁ። ከገበያው ዳር፣ አህዮች ከሚታሰሩበት፣ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቆማ አገኘኋት። ራሷን በነጠላ ሸፍናለች፤ ቢሆንም የተላጨው አናቷ ያስታውቃል። የእኔም ተላጭቷል። ከሩቅ ላየን እህትማማች እንመስል ነበር ይሆናል።

«ይህን ማን ፈቀደልሽ?» አልኳት አናቷን እያሳየሁ።

«ምኑን?»

«መላጨቱን። ባል የሞተባት እኔ ነኝ። አንቺ ፈትተሽ የሄድሽ ነሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ልትቆጣ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። «ተቀመጪ እህቴ» አለች። «ቆመን ከተነጋገርን ተጣሉ ይሉናል።»

«አልቀመጥም።»

«እንግዲያው እኔ ልቀመጥ። እግሬ ደክሟል።» ተቀመጠች። እኔ ከላይዋ እንደቆምኩ ቀረሁ። ነጠላዋን ከጉልበቷ ላይ እያስተካከለች፣ ወደ እኔ ሳታይ ተናገረች።

«ወንድ ልጅ ወልጄለት ነበር» አለች። «ክርስትና ሊነሣ ቀናት ሲቀሩት ታመመ። ቄስ ጥሩ እስኪባል አልቆየም። ክርስትና ላልተነሣ ፍታት የለም፤ ለቅሶም አይቀመጡለትም። እኔን አራስ ናት ብለው ከመደቤ አላስነሡኝም። እሱ በነጠላው ጠቅልሎ ወስዶ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ብቻውን ቀበረው። ያን ጊዜ ደብሩ ውስጥ እሱን የሚያህል ድምፅ አልነበረም፤ የስንቱን ሰው ሬሳ በዜማ ሸኝቷል። ለልጁ ግን ሃሌ ሉያ ማለት አልተፈቀደለትም። ከዚያ ወዲህ አፉን ለዜማ አልከፈተም። እኔ እሱን ሳይ ልጁን አያለሁ፤ እሱም እኔን ሲያይ እንደዚያው። አንድ ክረምት እንዲያ ሆነን ከርመን ተለያየን። ማንም ማንንም አልበደለም።»

ዓይኔን ወደ አህዮቹ አዞርኩ።

«ደጅሽ ላይ ያለቀስኩት ለሁለቱም ነው» አለች። «ለትንሹ የማለቅስበት ደጅ አጥቼ ነበር።»

ሌላ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይራራል። የእኔ ወዲያው አልራራም። እውነቱን ለመናገር ቅናቴ ሌላ መልክ ያዘ። እስከዚያ ቀን በፍቅሩ ነበር የበለጠችኝ፤ አሁን በሐዘኑም ቀደመችኝ አልኩ። ከእኔ ጋር የኖረበት ያ ዝምታ፣ ተፈጥሮው ነው ብዬ የወደድኩት፣ የእሷና የልጇ ሆኖ ተገኘ። ተለይቻት ሄድኩ። መንገድ ላይ ጌሾው ትዝ አለኝና እንደገና ገበያ ተመለስኩ፤ ስገዛም ከሻጯ ጋር ተጣላሁ።

ተዝካሩ የነቢያት ጾም ውስጥ ዋለ። ጠላው ተጠመቀ፤ ዳቦው ተጋገረ፤ የአተርና የሽምብራ ወጥ ተሠራ። እሷ ዋዜማው ላይ ከአገሯ ሴቶች ጋር ጠላ በእንስራ አሸክማ መጣች። በግቢው በር ስትገባ ሁሉም እኔን አየ። ቄሱ የተናገሩት ትዝ ስላለኝ ይሁን ደክሞኝ ይሁን አላውቅም፣ «ወደ ጓዳ አግቡት» አልኩ። አብረን ሠራን። እሷ ወጡን ታማስላለች፣ እኔ ዳቦውን እቆርሳለሁ። አንዱ ሽማግሌ ጠጥቶ «ይህ ጠላ የማነው? እንዴት ጣፈጠ» ሲል ጆሮዬን አቀናሁ። የእሷ ነበር። በልቤ ጌሾውን አብዝታበታለች አልኩ።

እማሆይ ቤተ ልሔም ልከው የባሌን የተማሪነት ባልንጀራ አስጠርተው ኖሯል። አሁን መሪጌታ ሆኗል፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ዓይኑ ትንሽ የደከመ ሰው ነው። ከካህናቱ ጋር ቆሞ ሲያዜም ቅጽሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ጸጥ አለ። ከማዕድ በኋላ ወደ እኔ መጣና፣ «መምህራችን ይህ ልጅ ድጓውን ቢፈጽም ወንበሬን ይወርሰኛል ይሉ ነበር» አለኝ። «እሱ ሄደና ወንበሩ ለእኔ ሆነ። ብዙ ዘመን ቀንቼበት ኖሬ፣ ሲሄድ ደግሞ ባዶ ሆነብኝ። የሚያስቀናኝ ሰው ሳጣ ትምህርቱም ሰነፈብኝ።» ይህን የነገረኝ ለማጽናናት ነበር። እኔ ግን ነገሩ ስለ እሱ ብቻ አልመሰለኝም።

በማግሥቱ የጠላውን እንስራ ልናጥብ ሁለታችን ወደ ምንጩ ወረድን። ፀሐይ ሞቅ ብሎ ነበር። ልጄ ተከትላን መጥታ ከውኃው ዳር ጠጠር ትለቅማለች። እንስራውን ፈትገን አጠብን። በመጨረሻ መጠየቅ የፈለግሁትን ጠየቅሁ።

«ድምፁ እንደ መሪጌታው ነበር?»

«አይደለም» አለች እጇን ከእንስራው ሳታወጣ። «የመሪጌታው ወፍራም ነው። የእሱ ቀጠን ይላል። ከፍ ሲያደርገው የሚሰበር ይመስልሻል፤ አይሰበርም።» ትንሽ አሰበችና፣ «እኔ ሴት ነኝ፣ ዜማ አላውቅም። ግን ከብት ሲያስገባ የሚያንጎራጉራትን አንዷን አስታውሳለሁ» አለች። ከዚያም አፏን ሳትከፍት፣ በጉሮሮዋ ብቻ፣ ቀስ አድርጋ አወጣችው። ቃል የለውም። ከፍ አለ፣ ቆመ፣ ወረደ። እኔ እጄን ከውኃው ውስጥ እንደነከርኩ አዳመጥኩ። ባሌን የማውቀው ዓመታት ነው፤ ያን ቀን ግን ከሌላ ሴት ጉሮሮ ሰማሁት።

ስትጨርስ ዓይኗን ወደ ልጄ አደረገች። «እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «እሷን ሲያዝል እንዴት ነበር? ሕፃን ይዞ አይቼው አላውቅም። የእኔን የያዘው ሲሞት ነው፤ እሱንም አላየሁም።»

አነጋገሯ ውስጥ ያለውን አወቅሁት፤ ራሴ ስንት ቀን ይዤው የከረምኩት ነበርና። ቀንታብኛለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ልጄን ግንባሯን ስትዳብስ እንኳ፣ ስትቀናብኝ ኖራለች። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ። ደስታውን ለጥቂት ጊዜ ብቻዬን ቀመስኩት። ያለኝ ነገር ነበረና፤ እሷ በምንም መንገድ ልታገኘው የማትችለው ነገር።

ከዚያ ነገርኳት። «በትከሻው ላይ ነበር የሚያስቀምጣት» አልኳት። «ጆሮዎቹን እንደ ልጓም አስይዟት ማሳ ይወስዳታል። ወደ ግራ ስትስበው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ወደ ቀኝ ስትስበው ወደ ቀኝ። አንድ ቀን ሰው ሁሉ እያየው ማሳውን ዙሪያውን አዞረችው። ጎረቤቱ "በሬ ሆንክ እንዴ" ቢለው፣ "ጥሩ አራሽ አገኘሁ" አለው። ስትታመም ደግሞ...» ቃሌ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ከለቅሶው ቀን ጀምሮ የደረቀው እንባ መጣ። እንስራውን ታቅፌ አለቀስኩ። እሷ አልያዘችኝም፣ አላባበለችኝም፤ እንስራው እንዳይሰበር ብቻ ከእጄ ወሰደችና ጎን አስቀመጠችው። «ቀጥይ» አለች። «ስትታመም ምን ያደርጋል?»

ቀጠልኩላት።

ከዚያ ወዲያ ወዳጅ ሆንን ማለት አልችልም። ትመጣለች። አረም ሲደርስ መጥታ ታግዘኛለች፤ በፍልሰታ ከእማሆይ ጋር ትሰነብታለች። እሷ ስትመጣ ልጄ እየሮጠች ስለምትቀበላት ልቤ ይቆጣል። እማሆይ ከእኔ እጅ የማይበሉትን ቆሎ ከእሷ እጅ ሲበሉ ሳይ እበሳጫለሁ። እሷም በበኩሏ ልጄ «እማዬ» እያለች ወደ እኔ ስትጠጋ ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች። ግን ሁለታችንም ከመጠየቅ አልቦዘንንም። እኔ የወጣትነቱን እጠይቃለሁ፤ እሷ የአባትነቱን ትጠይቃለች። እየተገበያየን ነበር ማለት ይቻላል። አንዳችን የሌላችንን ስትሰማ ሰውየው ሙሉ እየሆነ መጣ። ሙሉ ሲሆንልኝ ነው ያዘንኩለት። የማላውቀውን ወጣት ትቼ የማውቀውን ባሌን፣ ለምን ዝም እንዳለ የገባኝን ባሌን ማልቀስ ጀመርኩ። ካለቀስኩም በኋላ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር፤ የምበላውም ይጣፍጠኝ ጀመር።

በመስከረም ክረምቱ ሲወጣ የልጁን መቃብር እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ቁልቁል በሚወርደው በኩል፣ ጥቂት ድንጋይ ነበር። ዝናቡ በታትኖታል። እማሆይም ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ድንጋዩን ሰብስበን መልሰን ካብነው። ስንጨርስ ሦስታችንም ምን እንደምናደርግ ጠፋንና ቆምን።

«ተቀመጡ» አልኳቸው። «ለቅሶ እንቀመጥለት።»

«አይሆንም ይላሉ» አለች እሷ።

«ማን ይላል? እኛ ሴቶች ደክሞን የተቀመጥን ነን።»

ተቀመጥን። እሷ ሙሾ ታወርዳለች ብዬ ጠበቅኋት። አፏን ትከፍታለች፣ ይዘጋባታል። ያ በስንት ሰው ፊት ያላቆመ ድምፅ እምቢ አላት። እኔ ግጥም የሚሆንልኝ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን መጣልኝ፤

«ስም አልወጣልህም፣ ምን ብዬ ልጥራ፤
አባትህ መጣልህ፣ ከእንግዲህ አትፍራ።»

እማሆይ ወደ ፊት ድፍት አሉ። እሷ መሬቱን በሁለት እጇ ይዛ ምጥ እንደያዛት ሴት ጮኸች። ቄሳችን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በመንገዱ ላይ ደረሱ። አዩን፤ የተቀመጥንበትን አዩ፤ የት እንደሆነም ያውቃሉ። እንደሚገሥጹን ጠበቅሁ። መስቀላቸውን ከብብታቸው አወጡ። ከዚያ መስቀሉን ከሩቅ አነሡና ወደ እኛ አማተቡ፤ መንገዳቸውንም ሄዱ።

ወደ ቤት ስንመለስ እሷ ከኋላዬ ነበረች። ዓይኗ አብጧል። «ያንን ግጥም ማውጣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ምስጋናም ቁጣም ነበረበት።

«ዕድሜ ልክሽን ስታወርጂ ኖረሻል፤ አንዷን ለእኔ ብትተዪ ምን አለበት» አልኳት። እማሆይ ሳቁ። ከባሌ ሞት ወዲህ ሲስቁ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነው።

ሙት ዓመቱን አብረን አወጣን። ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ዓመት አባቴ ከእስቴ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ መልእክት ላከ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ደኅና ሰው፣ ሊያገባኝ ይፈልጋል አለ። ከተማው ውስጥ ትምህርት ቤት ስላለ ልጅሽ ትማራለች አለ። ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ እሺ አልኩ። ለእማሆይ ስነግራቸው መረቁኝ። ለእሷ ስነግራት ጥጥ ትፈትል ነበር፤ እንዝርቷን አቆመችና፣ «አንቺስ ሁሉም ይሆንልሻል» አለች። «ታለቅሻለሽ፣ ይወጣልሻል። ታገቢያለሽ። እኔ ከአንድ ሰው በኋላ ቤቱ ተዘጋብኝ።»

«መቃብሩ ላንቺ ይቀራል» አልኳት። ልጎዳት አልነበረም፤ እውነት ነበር፤ እሱም እያንገበገበኝ ነበር። በየበዓሉ ከደጁ የምትሆነው እሷ ናት። ሁለቱም፣ አባትም ልጅም፣ በእሷ እጅ ሊቀሩ ነው።

«አዎ» አለች። «መቃብሩ ለእኔ ይቀራል።» ከዚያም እማሆይ እርጅናቸው እየበረታ ስለሆነ ከአባቷ አገር ጠቅልላ መጥታ ከእሳቸው ጋር እንደምትኖር ነገረችኝ። አስቀድማ ወስና ኖሯል። እኔ ሄጄ ሳልጨርስ ቦታዬን ያዘች ብዬ ለአንድ አፍታ ደሜ ፈላ። ወዲያውም እማሆይን ለማን ልተዋቸው ነበር ብዬ የተጨነቅሁበት ጭንቀት ከላዬ ወረደ። ሁለቱ ስሜቶች እኩል ነበሩ፤ የትኛውም የትኛውን አላሸነፈም።

በምሄድበት ቀን እስከ ወንዙ ሸኘችን። ልጄ ትልቅ ሆናለች፤ ራሷ መራመድ ትችላለች። እሷ ግን አዘለቻት። እስከ ወንዙ ድረስ አላወረደቻትም። የአባቴ ወንድም በቅሎዋን ይዞ ከማዶ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። የባሌን በርኖስ ከዕቃዬ ውስጥ አወጣሁና ሰጠኋት። ተቀብላ በክንዷ ላይ አደረገችው፤ ልጄን ከጀርባዋ አውርዳ አስረከበችኝ።

«ፋሲካን ላኪያት» አለች።

«መንገዱ ሩቅ ነው።»

«እኔ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

ልጄን ይዤ ወንዙን ተሻገርኩ። ስዞር በርኖሱን ከትከሻዋ ጣል አድርጋ ዳገቱን ጀምራለች። እማሆይ ብቻቸውን ነበሩ፤ ቶሎ ደርሳ እሳት ማያያዝ ነበረባት።